ጓሯችሁ ያለው ጎመን ሥሩ ሲታፈን

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ያለ አፈር፣ በውሃ ላይ ስለሚለማ አትክልት ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከሞያሌ ወደ ኬንያ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲሰደድ፣ ከምግብ ቀጥሎ የሁሉም ጥያቄ ውሃ ነበር። እዚህ ኡራንም አንድ ጀሪካን ውሃ ምን እንደሚያስከፍል እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቅድሚያ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለእጅ መታጠቢያ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል። አትክልቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት ጠርተውኝ ሄድኩ። በባልዲ የተከሉት ሱኩማ ውሃ ሞልቶለት ጠውልጓል። ክዳኑን ከፍተን ሥሩን ብናወጣው ቡናማ ሆኖ ያሙለጨልጫል፣ ይሸታልም። «እስከ አፉ ሙሉት» ብዬ የመከርኳቸው እኔው ነበርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምነግራችሁ።

ሥር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ በውስጡ ያለው አየር ይቀንሳል፦ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ግን 7.5 ገደማ ብቻ ነው። የታፈነ ሥር ይደክማል፤ ፒቲየም የሚባለው አበስባሽ ተሕዋስ ያን ጊዜ ያጠቃዋል። ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ፦

1. ባልዲውን ጥላ ሥር አኑሩ። ብርሃን እንዳይገባ በጨርቅ ወይም በጭቃ ሸፍኑት፤ ብርሃን ከገባ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል።
2. ተክሉ ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃውን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉ፤ የላይኛው ሥር አየር ያግኝ።
3. በየሳምንቱ ሥሩን እዩ። ነጭ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቡናማ ሆኖ ከሸተተ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ ባልዲውን በሳሙና እጠቡ፣ ውሃውን ለውጡ። የተደፋው ውሃ ለዛፍ ይሁን።
4. ውሃው ጨዋማ ከሆነና በባልዲው ጠርዝ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ ከዝናብ ውሃ ጋር ቀላቅሉት።

አሁን ደግሞ ለሰው ጤና የሚያስፈልገውን አዳምጡ።

የማዳበሪያውን ውሃ ማንም አይጠጣ። በውስጡ ናይትሬት አለ። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ወተት በዚህ ውሃ ቢበጠበጥ፣ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል። እንዲህ ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። የእነዚያ እናት ልጅ በኩባያ ከባልዲው ሲቀዳ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ባልዲውን ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ፤ ምልክትም አድርጉበት።

የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ለአትክልትም ሆነ ለመጠጥ አትጠቀሙበት፤ ቢታጠብም አይጠራም።

የክሎሪን ውሃ ለተክል ከሆነ ለአንድ ቀን ተከፍቶ ቢቆይ ክሎሪኑ ይቀንሳል። የመጠጥ ውሃ ግን እንዲህ አይደረግም! ክሎሪኑ ከተቅማጥ የሚጠብቃችሁ ስለሆነ ተከድኖ ይቀመጥ።

ክፍተት ሁሉ ይደፈን፤ ትንኝ በቆመ ውሃ ትፈለፈላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በማንዴራ ቺኩንጉንያ የተባለው በሽታ ብዙ ሰው ያስተኛው በትንኝ አማካይነት ነው።

በመጨረሻም ቅጠሉን ከመብላታችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ሱኩማና ቆስጣ ቢበስሉ ይመረጣል።

የእነዚያ እናት ሁለተኛው ተከላ አሁን ሥሩ ነጭ ነው። የእናንተንም መጥቼ አያለሁ።