ስለ ቆመ አውቶሞቢል ባትሪ የተነገረ ንግግር

ለበሽተኛ ማመላለሻ የተመደበ አውቶሞቢል አዘውትሮ ካልተነዳ ያረፈ ይመስላል፤ የባትሪው ኃይል ግን ቆሞም ሳለ ጥቂት በጥቂት ያልቃል፤ በቆላ አገርም ይፈጥናል። ባዶውን ከቈየ በውስጡ ባለው እርሳስ ላይ ጨው መሰል ነገር ይጠነክርበታልና፥ ከዚያ ወዲያ ቢሞሉትም እንደ ቀድሞው አይቀበልም።

ስለዚህ ጠባቂው በየወሩ በቮልት መለኪያ ይመርምረው። የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ያህል ያሳያል፤ ወደ 12.4 ሲወርድ በመሙያ መሣሪያ ይሙላው። ሲሞላ የሚወጣው አየር ይቀጣጠላልና እሳት አያቅርብ። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት አይበቃም፤ ለማስነሣት የወጣው ኃይል በሙሉ አይመለስምና።

ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ስትመጣ ባትሪ ለመሙላት ጊዜ የለም፤ የዚያን ሌሊት ሥራ አስቀድሞ በቀን የሚሠራ ሰው ብልህ ነው።