በሩን ማለፍና ከበሩ ወዲያ መኖር
ስለ ኢንዱስትሪ ድርጅቶች የሕግ ግዴታና ማኅበራዊ ኃላፊነት

(በሐረር ከተማ፣ በፈላና በር አካባቢ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ የንግድና የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ለሕግ ያለባቸው ግዴታና ለኅብረተሰቡ ያለባቸው ኃላፊነት ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የሕግ ባለሙያዎች እንጂ የመሐንዲሶች ጉዳይ አይመስልም ይሆናል። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ትእዛዝ በፋብሪካ ውስጥ ቧንቧ፣ ቆጣሪ፣ ቫልቭና ማጣሪያ ሆኖ የሚገኘው በእኛ እጅ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በቅርብ የሚመለከተን እኛን ነው ብዬ አምናለሁ።

ያለንበት ስፍራ ለነገሩ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ፈላና በር ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሲሆን ወደ ሰሜን የሚያወጣው ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው ይህ ግንብ በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ነበር፤ ቀን የሚገባውም ነጋዴ የበሩን ሥርዓት ፈጽሞ ያልፍ ነበር። ታዲያ በሩን በሥርዓቱ ያለፈ ነጋዴ ሁሉ የታመነ ነጋዴ ነበር ማለት አይደለም። በሩ የሚሰጠው የመግባት መብት ነው። መታመን የሚገኘው ግን በመጋላው ውስጥ፣ በሚዛኑና በቃሉ ነው። በዛሬው ዘመን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝና የቁጥጥር የምስክር ወረቀት የበሩ ሥርዓት ናቸው። ያለ እነሱ መግባት አይቻልም፤ እነሱን ይዞ መግባት ግን የነገሩ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ በሩ ልናገር። ሕጋችን በዚህ ረገድ ደካማ ነው የሚለውን የተለመደ ወቀሳ እኔ አልቀበለውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግል የደረሰበት መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ በሆነ ድርጅት ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካው ራሱን እየተከታተለ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። አዋጁ በአንቀጽ 3 ላይ፣ የጥናቱ ሰነድ ጸድቆ ፈቃድ መሰጠቱ ባለቤቱን ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት እንደማያድነው ይናገራል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ «ፈቃድ አለኝ» የሚለውን መልስ በቂ አድርጎ አይቀበለውም ማለት ነው። ከበሩ ወዲያ ሌላ ነገር እንዳለ ሕግ አውጪው ያውቅ ነበር።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ከሐረር የበለጠ የሚያውቅ ከተማ ያለ አይመስለኝም። የሐረር ሕዝብ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ እየተሳበ የሚመጣውን ውኃ ነበር። ያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። አጥፊው ማን ነበር? ከተማይቱ ውኃ መሳቧ ወንጀል አልነበረም። ገበሬው በሐይቁ ዳር የውኃ መሳቢያ ሞተር ተክሎ ጫቱንና አትክልቱን ማጠጣቱም ወንጀል አልነበረም። የተራቆተው ተዳፋት አፈሩን በየክረምቱ ወደ ሐይቁ ሲያወርድ ፈራሚም ፈቃድ ሰጪም አልነበረውም። እያንዳንዱ የሚወስደው ጥቂት ነበርና ለብቻው ሲታይ ጥፋት አልነበረበትም፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ሐይቅ አደረቁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ በሐሮማያ ግን እያሳሳቀ የተወሰደው ውኃው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሐረርና በመንገዱ ላይ ለሚገኙት ለሐሮማያ፣ ለአወዳይና ለሌሎች ከተሞች ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ከጉድጓድ የወጣ ውኃ ተራራ እንዲወጣ ሆነ። ቧንቧው ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ውኃውም በፓምፕ ኃይል ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ይገፋል። አጠገባችን የነበረውን ሐይቅ ባለመቁጠራችን የዛሬው ውኃ ጠብታው በኤሌክትሪክ የሚሰላ ሆኗል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ውኃ መልሶ መያዙ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የተመለሰው ውኃ እንጂ የመቁጠር ልማድ ስላልሆነ፣ ያንኑ ታሪክ እንዳንደግም የሚያግደን ነገር ገና አልተሠራም።

እዚህ ላይ ወደ ኢንዱስትሪው ልመለስ። በዚህ ከተማ ትልቁና ስሙ የታወቀው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 በመንግሥት የተቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በ78 ሚሊዮን ዶላር ለሃይኒከን ኩባንያ የተሸጠው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ነው። የማነሣው ለመውቀስም ለማወደስም አይደለም፤ ነገሩን በቁጥር ለማሳየት ይመቻል ብዬ ነው። በቢራ ጠመቃ ሥራ አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት በተለምዶ ከ4 እስከ 7 ሊትር ውኃ ይፈጃል። ልዩነቱ የሚመጣው ከጠርሙስና ከጋን አጠባ፣ ከማቀዝቀዣውና ከሚያፈስ ቧንቧ ነው። በቀን 100 ሺህ ሊትር የሚጠምቅ አንድ ፋብሪካ እንዳለ እናስብ። ይህ ፋብሪካ ፍጆታውን ከ7 ወደ 4 ሊትር ቢያወርድ በቀን 300 ሺህ ሊትር ውኃ ያተርፋል። ለአንድ ሰው በቀን 30 ሊትር ብንመድብ ይህ 10 ሺህ ሰው ያጠጣል። ሰባት ሊትር የሚፈጀው ፋብሪካ ግብሩን ከከፈለ፣ የውኃ ሒሳቡን ከፈጸመና ፍሳሹን አጣርቶ ከለቀቀ ተቆጣጣሪው ያለ ነቀፋ ሊያልፈው ይችላል። በቁጥጥር መዝገቡ ላይ ሁለቱ ፋብሪካዎች እኩል ናቸው፤ ጄሪካን ይዛ ለምትሰለፈው እናት ግን እኩል አይደሉም። ማኅበራዊ ኃላፊነት የምንለው በእነዚህ በሦስቱ ሊትሮች ውስጥ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው ሌላ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። ድርጅቱ ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ይሰጣል፣ በበዓል ቀን ለችግረኞች ዘይትና ዱቄት ያድላል፣ ፎቶግራፍም ይነሣል። መስጠት መልካም ነገር ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ልግስና የሚሰጠው ትርፉ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ኃላፊነት የሚጠየቀው ትርፉ ስለተገኘበት መንገድ ነው። የሐረር ቢራ ፋብሪካ አልኮል የሌለበትን የብቅል መጠጥ ሶፊን ማምረቱ፣ ሃይኒከንም የብቅል ገብስ ከአገር ውስጥ ገበሬዎች የሚገዛበትን ፕሮግራም መዘርጋቱ ከስጦታ የሚለዩት ለዚህ ነው፤ በዋናው ሥራ ውስጥ የገቡ ናቸውና።

የምስክር ወረቀት ብቻውን የት እንደሚያደርስ ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች አልቀዋል። በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት የልብስ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ቀደም ብለው በኦዲተሮች ተመርምረው ነበር። ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ስንጥቁን ያየ መሐንዲስ ሕንፃው አደገኛ ነው ብሎ ተናግሯል። በሕንፃው የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፤ የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ኦዲቱ ነበረ፣ እውቀቱም ነበረ፤ ያልነበረው የመሐንዲሱን ቃል ትእዛዝ የሚያደርገው ኃይል ነው።

ይህ በእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያው የሚሠራው ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ሰሞን ብቻ መሆኑን ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው ንባብ መረዳት ይቻል ነበር። ማጣሪያው በወጉ ተሠርቷል፤ የናሙናውም መዝገብ ሙሉ ነበር፤ ናሙናው የሚወሰደው ግን ማጣሪያው በሚሠራበት ቀን ነበር። ይህን የፈረመው ወጣት መሐንዲስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻውን ነበር። ሕፃናት ያሉት፣ የቤት ኪራይ ያለበት፣ አልፈርምም ቢል በማግሥቱ ሌላ ፈራሚ እንደሚቀጠር የሚያውቅ ሰው ነበር።

በመሆኑም የነገሬ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ብቻውን የቆመ መሐንዲስ ጀግና እንዲሆን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም። ኃላፊነትን ከስብከት ወደ ሥራ የሚያሻግረው የሙያ ማኅበር ነው። ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አባሎቻችን በሚሠሩባቸው ድርጅቶች ሁሉ የውኃ ፍጆታ ከምርት መጠን ጋር እየተነጻጸረ በየወሩ እንዲመዘገብና ዓመታዊው ውጤት ለከተማው ሕዝብ እንዲገለጽ ማኅበሩ ይጠይቅ። ያልተቆጠረ ነገር ለተጠያቂነት አይመችም፤ ሐሮማያ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፣ የተጽዕኖ ግምገማ ሕጉ የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ ያዛልና፣ አስተያየቱ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ለወጉ ያህል ሳይሆን የፍሳሹ መውጫ በካርታ ላይ ከመሠመሩ በፊት ይሰማ። ጁገልን ያነጹት ሰዎች በግንቡ ሥር ውኃ የሚወጣበትንና ጅብ ገብቶ ጥራጊ የሚያነሣበትን ቀዳዳ ትተዋል። የሚጣለው ነገር ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ ግንቡ ሳይቆም አስበውበት ነበር።

ሦስተኛ፣ ትክክል ያልሆነ ሰነድ አልፈርምም ያለ አባል በማግሥቱ ብቻውን እንዳይቀር ማኅበሩ የሙያ አስተያየቱን በጽሑፍ ያጽናለት፣ የሕግ ምክርም ያቅርብለት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ምክንያት ብቻ ከሥራ እንዳይሰናበት ይከለክላል። ይህን መብት አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅና አንድ ማኅበር ከኋላው ቆሞ ሲጠይቅ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ያስከትላል የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እውነታቸውንም ነው። ቆጣሪ ዋጋ አለው፤ ማጣሪያን ሌት ተቀን ማሠራትም ኤሌክትሪክ ይበላል። ዳሩ ግን ወጪው የሚቀር ነገር አይደለም፤ ከፋዩ ብቻ ነው የሚለወጠው። ድርጅቱ ካልከፈለው ከወንዙ በታች ያለችው መንደር በጤናዋ፣ ከተማይቱም በረጅም ቧንቧዋ ትከፍለዋለች። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ብሂል ለግለሰብም የሚበጅ አይደለም፤ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ጉድጓድ ለሚጠጣ ፋብሪካ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

በሚመጣው ዓመት ስንሰበሰብ ከእኛ መካከል ቢያንስ ጥቂቶቻችን የድርጅታችንን የውኃ ቁጥር በእጃችን ይዘን እንድንመጣ በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።