የጢሱን ዕዳ ማን ይክፈል?



አንድ ፋብሪካ ለከሰል፥ ለሠራተኛና ለመሣሪያ ይከፍላል፤ ወደ ሰማይ ለሚለቀው ጢስ ግን አይከፍልም። ዕዳውን የሚከፍለው በአጠገቡ የሚኖረው፥ ሳል የያዘው ሰው ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የመሰለውን ጉድለት በግብር ማቃናት እንደሚቻል አስረድቷል።

ነገር ግን ሁለተኛ ጉድለት አለ። አዲስ መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ድካሙና ወጪው የራሱ ሲሆን፥ ዕውቀቱን ሌላው ሁሉ ያለ ዋጋ ይካፈለዋል። ስለዚህ አጥፊውን ማስከፈል ብቻ አይበቃም፤ ፈልሳፊውንም መርዳት ያስፈልጋል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የሲሊከን ሴል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ካገኘው ብርሃን ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዋጋውም አይቀመስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን ከፀሐይ የተገኘ ኤሌክትሪክ ለሚሸጥ ሁሉ ለ20 ዓመት የተወሰነ ከፍ ያለ ዋጋ እንዲከፈለው በሕግ ደነገገች። ልዩነቱን የከፈለው የጀርመን ቤተሰብ ነው፤ በመብራት ሒሳቡ ላይ ተጨምሮበት። ገበያው ሲሰፋ የቻይና ፋብሪካዎች ሥራውን እየደጋገሙ ተማሩት፤ የሰሌዳውም ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከመቶ 80 በላይ ወደቀ። እንግዲህ ጀርመኖች የከፈሉት የትምህርት ክፍያ የመብራት መስመር ላልደረሰበት ለእኛም ገበሬ ተረፈ ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከወንዞቻችን የሚገኝ ሲሆን ነዳጅ ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ፥ ውሳኔው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ክልከላ በር ይዘጋል እንጂ እጅን ሥራ አያስተምርም። ባትሪው ሲደክም ማን ይጠግነዋል? አሮጌው ባትሪስ የት ይጣላል? አሮጌ መኪናውን በአዲስ ለመለወጥ አቅም የሌለው ባለ ታክሲ ምን ይሁን? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ የጢሱን ዕዳ ከሳንባችን አንሥተን በድኻው ትከሻ ላይ መጫናችን ነው።

ስለዚህ ለነዳጅ ከሚወጣው ገንዘብ ከሚድነው ከፊሉ ለቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና ለጥገና ሥራ ይዋል እላለሁ። እኛም የኢንጂነሪንግና የኢኮኖሚ ተማሪዎች በየክፍላችን ተዘግተን ከመቀመጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንነጋገር። መሣሪያውን የሚያውቀው ዋጋውን ካላወቀ፥ ዋጋውን የሚያውቀውም መሣሪያውን ካላወቀ፥ ሁልጊዜ ገዢዎች ሆነን እንቀራለን።