ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፤ የቢዝነስ ክላስ አማራጮች በመሐንዲስ ሚዛን



የዓለም ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በዋሽንግተን ከተማ የሚገኝ እንደ መሆኑ መጠን፣ የመንገድ፣ የውሃ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል ፕሮጀክት የያዘ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ለብድር ድርድር ወደዚያ እንዲጓዝ መታዘዙ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጉዞው አስቀድሞ ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ብዙ የውጭ ምንዛሪ የሚያስወጣው የቢዝነስ ክላስ ትኬት ይገባል ወይስ አይገባም? የሚገባ ከሆነስ በየትኛው አየር መንገድና በየትኛው መስመር? ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በስሚና በማስታወቂያ ሥዕል ነው። አንዱ ስለ ምግቡ፣ ሌላው ስለ መስተንግዶው ያወራል። ይሁን እንጂ የድልድይ ጨረታ ሲገመግም በመልክ የማይፈርድ ባለሙያ፣ በዚህም ጉዳይ ሚዛን ሊይዝ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሚመዘነው ነገር ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። መንገደኛው በተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ዋና ነገር እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ብቃት፣ በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ብቃት ጋር የሚተካከል ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ደግሞ እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። ሳይተኛ አድሮ በማለዳ የደረሰ ተደራዳሪ፣ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ መኪና እንዳይነዳ በሚከለከልበት ሁኔታ ላይ ሆኖ፣ ልጆቹ የሚከፍሉትን ዕዳ አንቀጽ በአንቀጽ ያነብባል ማለት ነው። ነገሩ ከምቾት በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቢዝነስ ክላስ ታሪክ ራሱ ይህን ያስረዳል። ክፍሉ የተጀመረው በ1970ዎቹ ማብቂያ ሲሆን፣ ካንታስ የተባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ በ1979 ካስተዋወቁት መካከል ነው። በዚያን ጊዜ ሙሉ ዋጋ የከፈለውን ነጋዴ በቅናሽ ከሚጓዘው አገር ጎብኚ ለመለየት የታሰበ እንጂ አልጋ የሚሰጥ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ ወደ ቢዝነስ ክላስ የገባው የብሪታንያ አየር መንገድ በ2000 ሥራ ላይ ካዋለው ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ የአየር መንገዶቹ ፉክክር በመቀመጫው ላይ ሆነ።

መቀመጫን ለማወዳደር ሁለት ነገሮች ይበቃሉ፤ ተዳፋትና መውጫ። አንዳንድ መቀመጫዎች ይዘረጋሉ እንጂ ከወለሉ ጋር ትይዩ አይሆኑም። ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል የ12 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይህን ኃይል በእግሩ እየተቃወመ ያድራል፤ ወይም እየተንሸራተተ ይነቃል። ስለ መውጫው ደግሞ የአደራደሩን ቁጥር ማየት ነው። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆነው በተደረደሩ መቀመጫዎች በመስኮት በኩል የተቀመጠው ሰው ለመነሣት ጎረቤቱን መሻገር አለበት። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት በሆኑት ደግሞ የመካከለኛው መንገደኛ በሁለት ሰዎች መሐል ይውላል። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሲሆን ግን እያንዳንዱ በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይወጣል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የካታር አየር መንገድ በ2017 ያስተዋወቀው፣ መዝጊያ በር ያለው ኪው ስዊት ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን በሁሉም አውሮፕላኖቹ ላይ የለም። ኤሚሬትስ በኤርባስ ኤ380 አውሮፕላኖቹ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ የሚደረድር ሲሆን፣ በቦይንግ 777 አውሮፕላኖቹ ላይ ግን ለረጅም ዘመን ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ሲጠቀም ቆይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ክላውድ ናይን በሚለው ስም ሥር የተለያዩ መቀመጫዎች አሉት። በ2012 በአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ በተረከበው ቦይንግ 787-8 እና በ2016 በጀመረው ኤርባስ ኤ350-900 አደራደሩ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ነበር። በ2024 በተረከበው ኤ350-1000 ላይ ግን 46ቱ የቢዝነስ መቀመጫዎች አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሆነዋል። ስለዚህ የሚነጻጸረው የአየር መንገዱ ስም ሳይሆን የአውሮፕላኑ ዓይነት መሆን አለበት።

ከመቀመጫው ቀጥሎ የሚመዘነው መስመሩ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ቀጥታው ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍራንክፈርት በኩል 11,900 ያህል ስለሚሆን ልዩነቱ ጥቂት ነው። በዶሀ በኩል ግን ወደ 13,400 ያድጋል፤ መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዶ ኋላ ይመለሳልና። ርቀትን ብቻ የሚያይ ሰው ፍራንክፈርትን ይመርጣል። እንቅልፍን የሚያይ ሰው ግን ሊለያይ ይችላል። በፍራንክፈርት ጉዞው በ7 እና በ9 ሰዓት ገደማ ስለሚከፈል፣ የመጀመሪያው ክፍል የሌሊት ከሆነ እራት ሲበላና ቁርስ ሲታደል ለመኝታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዶሀ መጀመሪያ አጭር በረራ፣ ቀጥሎ የ14 ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ በረራ ይገኛል። አልጋ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ረጅም ክፍል ላይ ነው።

የራሳችን አየር መንገድ ጉዞ ደግሞ ሲሄድና ሲመለስ አንድ አይደለም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በመደበኛ ስሌት የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት አየር የሳሳ ስለ ሆነ፣ አውሮፕላኑ ለዚያ ርቀት የሚበቃውን ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ይቃወመዋል። በዚህ ምክንያት ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ ኖሯል፤ ሮምና ደብሊን ከማረፊያዎቹ መካከል ነበሩ። ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ካለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው የመልስ በረራ ግን ያለ ማቋረጥ ቦሌ ይገባል። በሄደበት የሚቋረጥ እንቅልፍ በመልሱ አይቋረጥም። በሌላ በኩል መንገደኛው አውሮፕላን ሳይለውጥ መጓዙ፣ ግንኙነት አመለጠኝ ከሚል ሥጋት ያድነዋል።

ስለ አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች የአየር ግፊትም ብዙ ይነገራል። በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች የክፍሉ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር ሊስተካከል ሲችል፣ በ787 እና በኤ350 ከ1,800 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ይህ በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን የቀድሞውን ከፍታ በየቀኑ የሚተነፍሰው አየር ስለ ሆነ፣ ለዚህ ብቻ ብሎ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አይኖርበትም።

ደኅንነትስ? አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ደንብ መሠረት፣ በአዲስ ዲዛይን የሚሠሩ የመንገደኛ አውሮፕላኖች መቀመጫዎች ከመሬት ስበት 16 እጥፍ ድረስ በሚደርስ ግፊት ይፈተናሉ። ይህም ኢኮኖሚ ክላስንም ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ረገድ ቢዝነስ ክላስን ለመምረጥ ምክንያት የለም።

በመጨረሻ ዋጋው ይመጣል። የትኬት ዋጋ በየዕለቱ ስለሚለዋወጥ ቋሚ የሚሆነው ስሌቱ ብቻ ነው፤ የዋጋው ልዩነት በሚገኘው ተጨማሪ የእንቅልፍ ሰዓት ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል፣ ልዩነቱ 2,400 ዶላር ቢሆንና 4 ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ቢያስገኝ፣ አንዱ ሰዓት 600 ዶላር ያወጣል። በአንፃሩ መንገደኛው በኢኮኖሚ ክላስ አንድ ቀን ቀድሞ ቢሄድና 250 ዶላር በሚከፈልበት ሆቴል ቢያድር፣ 8 ሰዓት በእውነተኛ አልጋ ላይ ይተኛል። ለሥራ የሚደርስ ጊዜ ካለ ሁለተኛው መንገድ ያሸንፋል። ቀድሞ የመሄድ ጊዜ የሌለው፣ በደረሰበት ዕለት ስብሰባ የሚገባ፣ ወይም የጀርባና የእግር ሕመም ያለበት ባለሙያ ግን ቢዝነስ ክላስ ቢሰጠው ገንዘቡ ባከነ አይባልም። ሁለቱንም መግዛት የማይቻል ከሆነ፣ ትኬቱን በሄደበት ቢዝነስ፣ በመልሱ ኢኮኖሚ ማድረግም አንድ ዘዴ ነው፤ የድርድሩ ሸክም ያለው በመሄጃው ነውና።

እንግዲህ ትኬት የሚያጸድቅ ኃላፊ የሥልጣን ደረጃን ብቻ ባይመለከት መልካም ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ልማድ የቡድኑ መሪ በአልጋ ተኝቶ ሲሄድ፣ ስሌቱን የሚሠራውና ቁጥሩን የሚከራከረው ወጣት መሐንዲስ ከኋላ ተቀምጦ ያድራል። የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የመቀመጫው አደራደር፣ ያልተቋረጠው የበረራ ሰዓትና ሥራው የሚጀመርበት ሰዓት፣ እነዚህ አራቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከዋጋው አጠገብ ቢቀመጡ፣ ትኬቱ ለማን እንደሚገባ ያለ ክርክር ይታወቃል።