ወረፋ እንደ ሀብት፦ የተጠራቀመ ተራን መቼ እንጠቀምበት?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ለረጅም ዓመታት ወረፋ ጠብቆ ያጠራቀመው የቅድሚያ መብት ቢኖረው፣ ያንን መብት የሚጠቀምበት መቼ ነው? ዘንድሮ በእጁ ሊገባ በሚችለው መካከለኛ ነገር ይለውጠው? ወይስ የተሻለው እስኪደርስ ይታገሥ? ጥያቄውን የተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚ ተማሪዎች በአደን ፈቃድ ምሳሌ ያውቁታል፤ እኛ ግን በቤት፣ በመሬት፣ በዕቁብና በውሃ ወረፋ ስንኖረው ቆይተናል። በዚህ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለን፤ ስሙን በሰማሁ ቁጥር በቦኖ ፊት የተሰለፈ ጄሪካን ይታየኛል። ባለቤቱ ሌላ ጉዳይ ሲፈጽም ጄሪካኑ ተራውን ይጠብቅለታል። ወረፋ እንግዲህ ሰው ትቶት ሊሄድ የሚችል፣ ሌሎችም የሚያከብሩለት አንድ ዓይነት ንብረት ነው ማለት ነው።

ፈላጊው በዝቶ ነገሩ ሲያንስ፣ ማኅበረሰቦች በአብዛኛው ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ፦ ገንዘብን፣ ዕጣን ወይም ተራን። ሦስቱም በአገራችን ምሳሌ አላቸው።

በገንዘብ የሚከፋፈለውን ለማየት የደጋ አጋዘንን እንውሰድ። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ መኖሪያው በዋነኛነት የባሌና የአርሲ ተራሮች ናቸው። የእንግሊዙ ተመራማሪ ሪቻርድ ላይደከር ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀጣናዎች በየዓመቱ ሊታደን የሚችለው ቁጥር በኮታ ይወሰናል። ኮታው ጥቂት ስለሆነ ዕድሉን የሚያገኘው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ከፍተኛ ክፍያ ሊከፍል የሚችል የውጭ አገር አዳኝ ነው። እዚህ ላይ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ የከፈለ ይገባል፣ ያልከፈለ ይቀራል።

የዕጣ ምሳሌያችን ዕቁብ ነው። አባላቱ እኩል ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። ተራ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት የቦኖው ወረፋ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይቀዳል።

ሦስቱን መንገዶች በአንድነት ቀላቅሎ የሚጠቀም አንድ ሥርዓት በሰሜን አሜሪካ አለ። ፕሮንግሆርን የሚባለው የሜዳ እንስሳ በሩጫ ፍጥነቱ በዚያ አህጉር አቻ የለውም። ብዙ ሰው ከድኩላና ከአጋዘን ወገን ቢቆጥረውም፣ በሥነ ፍጥረት ምደባ የራሱ የሆነ ቤተሰብ አለው። ዋዮሚንግ የተባለችው ግዛት ዋና መኖሪያው ናት። ከግዛቷ ውጭ የሚመጣ አዳኝ በየአካባቢው ለተወሰነው ጥቂት ፈቃድ ያመለክታል። ካልደረሰው፣ ወይም ዘንድሮ ማደን ካልፈለገ፣ ክፍያ ፈጽሞ አንድ የቅድሚያ ነጥብ ይይዛል። ለእነዚህ አዳኞች ከተመደበው ፈቃድ ሦስት አራተኛው ከፍተኛ ነጥብ ላላቸው በቅደም ተከተል ይሰጣል፤ ቀሪው አንድ አራተኛ ግን ነጥብ ሳይታይ በዕጣ ይወጣል። የመጀመሪያ ምርጫው የደረሰው አዳኝ ነጥቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ያላመለከተና ነጥብ ያልገዛ ደግሞ ያጠራቀመውን ያጣል።

ሥርዓቱ በመጀመሪያ ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ የታገሠ ያገኛል ይላል። ችግሩ የሚታየው ሒሳቡ ሲሠራ ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ የምናስባቸውን ቁጥሮች እንውሰድ። አንድ አካባቢ በየዓመቱ 40 ፈቃድ በነጥብ ይሰጣል፤ ከፊት 400 ሰዎች ተሰልፈዋል እንበል። ዛሬ የሚሰለፍ ሰው አሥር ዓመት ይጠብቃል። ነገር ግን በየዓመቱ 100 አዲስ ሰዎች ቢሰለፉ፣ 40 ወጥተው 60 ይጨመራሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሰልፉ 1000 ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ የሚሰለፈው ወጣት የሚጠብቀው 25 ዓመት ይሆናል። አዳኞች ይህንን የነጥብ ማሻቀብ ብለን ልንተረጉመው በምንችል ቃል ይጠሩታል።

አንዳንዶቻችሁ "ከኋላ የሚሰለፍ ሰው ከፊት ያለውን ምን ይጎዳዋል?" ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በአንድ መስመር በቆመ ወረፋ አይጎዳውም። የቅድሚያ ነጥብ ግን ለአንድ አካባቢ የታሰረ አይደለም፤ ለእንስሳው ዓይነት የተሰጠ ነው። ለሌላ አካባቢ ሲያጠራቅም የቆየ ባለ ብዙ ነጥብ አዳኝ፣ ሐሳቡን ለውጦ ዘንድሮ እኔ ወደምፈልገው አካባቢ ቢያመለክት ከፊቴ ይገባል። እኔ ቆሜያለሁ ብዬ የማስበው ሰልፍ እውነተኛ ሰልፍ አይደለም፤ ከብዙ ሰልፎች የሚፈልስ ሰው በማናቸውም ዓመት ሊቀድመኝ ይችላል።

እንግዲህ ባለ ነጥቡ እንዴት ይወስን? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮችን መመዘን አለበት።

የመጀመሪያው የርቀቱ መጥበብ ነው። ስድስት ነጥብ ያለው አዳኝ የሚመኘው አካባቢ ዘንድሮ አሥር ነጥብ ይጠይቃል እንበል። በአራት ዓመት ይደርስበታል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የሚጠየቀው ነጥብ በየሁለት ዓመቱ በአንድ ከፍ ካለ፣ ርቀቱ በዓመት የሚጠበው በግማሽ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ስምንት ዓመት ይፈጃል። በየዓመቱ በአንድ ከፍ ካለ ደግሞ ርቀቱ መቼም አይጠብም፤ ጥላውን እንደሚያሳድድ ሰው ይሆናል። ስለዚህ "ስንት ነጥብ ቀረኝ?" ከማለት በፊት "ርቀቱ በእርግጥ እየጠበበ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው በመጠበቅ ውስጥ የሚቀረው ጥቅም ነው። ሦስት ነጥብ የሚበቃው መካከለኛ አካባቢ ካለ፣ ያ አዳኝ ለምርጡ አካባቢ አሥራ አራት ዓመት በሚጠብቅበት ዘመን በመካከለኛው አራት ጊዜ ያህል ሊያድን ይችል ነበር። አንድ ምርጥ አጋጣሚ ከአራት መካከለኛ አጋጣሚዎች ይበልጣልን? ለአንዳንዱ ይበልጣል፤ ለሌላው አይበልጥም። መልሱ የሰውዬው ነው፤ ጥያቄውን ሳይጠይቁ መጠበቅ ግን ምርጫ ሳይሆን ልማድ ነው።

ሦስተኛው ሥጋት ነው። ነጥብ ወለድ አይወልድም፤ እንደ ርስትም ለልጅ አይተላለፍም። አዳኙ ያረጃል፤ ጉልበቱ ይደክማል። እንስሳውም በቦታው ላይቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2023 የነበረው ከባድ ክረምት በምዕራብ ዋዮሚንግ እጅግ ብዙ ፕሮንግሆርኖችን ፈጀ፤ በዚያው ወቅት የሳንባ በሽታም ተጨመረበት። የግዛቲቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃዱን በብዛት ቀነሰ። ለዓመታት ነጥብ ያጠራቀመው ሰው ነጥቡ በመዝገብ ላይ እንዳለ ነው፤ ነጥቡ የሚገዛለት ነገር ግን ተመናምኗል። ተራ የሚከበረው የሚከፋፈለው ነገር እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤት የመጀመሪያው ሰፊ ምዝገባ የተካሄደው በ1997 ዓ.ም. ነበር። በ2005 ዓ.ም. እንደገና በተካሄደው ምዝገባ ነባሮቹ ዳግም ሲመዘገቡ በርካታ አዲሶችም ተጨመሩ። ተመዝጋቢው በየወሩ እንዲቆጥብ ተደረገ፤ ነባሮቹ ቅድሚያ ተሰጣቸው፤ ከመካከላቸው ባለ ዕድሉ በዕጣ ይለይ ነበር። እንግዲህ ተራ፣ ገንዘብና ዕጣ በአንድነት ተሠርተዋል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በወጣው 13ኛ ዙር ዕጣ ከ50 ሺህ በላይ ቤቶች ቀርበው ነበር፤ የሚጠብቀው ሕዝብ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። ነጥቡ በየዓመቱ የሚያሻቅበው አዳኝና በየወሩ የሚቆጥበው የአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ዓይነት ሒሳብ ውስጥ ናቸው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው የሚጠብቀው መዝናኛን ሲሆን ሁለተኛው መጠለያን መሆኑ ነው። አዳኙ ቢሰለቸው ይተወዋል። ተከራዩ ግን እየጠበቀ ኪራይ ይከፍላል፤ የቆጠበው ብርም በዋጋ ንረት ይሸረሸራል።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛ ዙር ዕጣ፣ ዕጣውን ያወጣው የኮምፒውተር ሥርዓት ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። የቦኖው ወረፋ ሁሉም ሰው በዓይኑ የሚያየው ነው፤ ጄሪካን ከጄሪካን ፊት ቢገባ ወዲያው ጩኸት ይነሣል። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ወረፋ ግን አይታይም። የማይታይ ወረፋ የሚቆመው በእምነት ነው፤ እምነቱ ከፈረሰ አሥራ ሰባት ዓመት የታገሠው ሰው የያዘው ቁጥር ባዶ ወረቀት ይሆናል።

ዕቁብ ይህን ችግር እንዴት እንደፈታው ልብ በሉ። የአባላቱ ቁጥር አስቀድሞ ተወስኗል፤ ዕቁቡ ከተጀመረ በኋላ ከደጅ የሚገባ የለም። ሃምሳ ሰው ካለ በሃምሳኛው ዙር ሁሉም ደርሶታል። ዕጣው በዳኛውና በአባላቱ ፊት ይወጣል። ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀው ደግሞ ተራ የሚለዋወጡበት መሆኑ ነው፦ ዕጣ የወጣለት ነጋዴ ዛሬ ካላስፈለገው፣ ልጁን ለሚድር ወይም ዕቃ ለሚያስገባ ጓደኛው ይለቅለታል፤ አንዳንዴም በስምምነት ይሸጥለታል። "መቼ ልጠቀም?" የሚለውን ጥያቄ ዕቁብ የሚመልሰው በጎረቤት ንግግር ነው። በቅድሚያ ነጥብና በቤት ምዝገባ ግን ይህ በር ዝግ ነው፤ ያለህ ምርጫ መጠቀም ወይም መጠበቅ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይታወቃል። ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለ ርስቶች መሪ መርጠው፣ ሜዳውን ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ በጋራ መክረው ይከፍቱታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር ቄሮም ፈረሰ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። በጓሳ ማንም ለብቻው ነጥብ አያጠራቅምም። የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ በሙሉ ነው፤ "መቼ?" የሚለው የሚወሰነውም የሰልፉን ርዝመት ቆጥሮ ሳይሆን የሣሩን መድረስ አይቶ ነው። በነጥብ ሥርዓት የሰዎቹ ትዕግሥት በጥንቃቄ ይመዘገባል፤ የሀብቱ ሁኔታ ግን ለትዕግሥቱ ግድ የለውም። በጓሳ ትዕግሥቱ ራሱ ሀብቱን ያለማዋል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለምን ያስፈልጋል? በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የከተማ መሬት ፈላጊው እየበዛ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት ቤት ይፈልጋል። በቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ መሬት የሚጠብቅ መምህር፣ ነርስና ነጋዴ በመካከላችን ብዙ ነው። ከዚህ አዳራሽ የምትወጡ ተማሪዎችም ነገ ከሁለት በአንዱ ወገን ትቆማላችሁ፤ ወይ ወረፋ ጠባቂ፣ ወይ ወረፋ አዘጋጅ ትሆናላችሁ።

ወረፋ ጠባቂ ለምትሆኑት ምክሬ አጭር ነው። ያለፈውን ዓመት አትቁጠሩ፤ የሚመጣውን ቁጠሩ። "ይህን ያህል ጠብቄ እንዴት በመካከለኛ ነገር ልለውጠው?" የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ከአቅሙ በላይ አስጠብቋል። የጠበቃችሁት ዘመን ዛሬ ብትጠቀሙም ነገ ብትጠቀሙም አይመለስም። ርቀቱ እየጠበበ ከሆነ፣ ነገሩም የሚቆይ ከሆነ፣ እናንተም በመካከል የምትኖሩበት ካላችሁ ጠብቁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ በእጃችሁ የሚገባውን መካከለኛ መውሰድ ሽንፈት አይደለም።

ወረፋ አዘጋጅ ለምትሆኑት ደግሞ ኃላፊነቱ ይከብዳል። የሚሰጠው ነገር በዓመት ስንት እንደሆነ ሳታውቁ መዝገብ አትክፈቱ። ለተመዘገበው ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ በየዓመቱ ንገሩት፤ የመውጫ በርም አብጁለት። ለአዲሱ ትውልድ እንደ ዋዮሚንጉ አንድ አራተኛ፣ በዕጣ የሚደርስ ድርሻ ማስቀረትም ሊታሰብበት ይገባል፤ አለዚያ ዘግይቶ የተወለደ ሁሉ በትውልድ ዘመኑ ይቀጣል። ሰውን ወረፋ አስይዞ መቼ እንደሚደርሰው አለመንገር፣ ዕድሜውን ያለ ደረሰኝ መቀበል ነው።

 ቀሪው ጊዜ የጥያቄና የውይይት ነው።