ግጥም ሰው ሲሰበስብ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ግጥም ነው። «ግጥምማ የተማረ ሰው ነገር ነው» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። በደቦ ስትሠሩ የምትቀባበሉት፣ በሠርግ የምትዘፍኑት፣ በለቅሶ የምታወርዱት ሙሾ ምንድን ነው ታዲያ? ግጥም ነው። እንግዲህ ይህ ያላችሁ ሀብት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ።

በደቡብ አሜሪካ ኮሎምቢያ የምትባል አገር አለች። እንደ እኛ አገር ቡና ታበቅላለች። ሜዴሊን የምትባለው ከተማዋ በአንድ ወቅት ክፉ ቀን ወጣባት። ኮኬይን የሚባል አደንዛዥ ዕፅ የሚነግዱ ሰዎች ገዳይ አሰማሩ፤ ቦምብ አፈነዱ። ሰው ከቤቱ መውጣት ፈራ። ጎረቤትም ጎረቤቱን ተጠራጠረ።

በዚያች ከተማ ፕሮሜቴዎ የተባለ የግጥም መጽሔት የሚያዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። መጽሔቱን የጀመሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ነው። ጠመንጃ የላቸውም፤ ያላቸው ቃል ብቻ ነው። በ1991 ኑቲባራ በሚባለው ኮረብታ ላይ ሕዝቡን ጠርተው ግጥም አሰሙ። ሕዝቡም ፍርሃቱን ጥሎ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ዓመታዊ ሆነ። መግቢያው በነጻ ነው። ገጣሚዎች ከብዙ አገር ይመጣሉ። እንግዳው መጀመሪያ በገዛ ቋንቋው ያነባል፤ ቀጥሎ ትርጉሙ በአገሬው ቋንቋ በስፓኒሽ ይነበባል። ግጥሙ በአዳራሽ ተዘግቶ አይቀርም። ወደ ድሆች መንደር፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ እስር ቤትም ይሄዳል። ለዚህ ሥራቸው በ2006 ከስዊድን አገር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

ግጥም ጥይት አቆመ ብለን አንዋሻችሁም። ከ1991 በኋላም በሜዴሊን ብዙ ደም ፈሷል። ሆኖም ፍርሃት የለያየው ሰው ጎን ለጎን ተቀመጠ። አብሮ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይነጋገራል፤ የተነጋገረም ይተዋወቃል።

አሁን ወደ እናንተ እንመለስ። ጥሩ አልቃሽ ስትሞት ሙሾዋ አብሯት አፈር ይገባል። የአያቶቻችሁ ስንት ግጥም እንዲህ ጠፍቷል! ዛሬ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እንላችኋለን። ዛሬ ማታ ከሽማግሌ ወይም ከባልቴት አንድ ግጥም ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። በእድራችሁ ወይም በማኅበራችሁ ቀን ተነሥታችሁ አንብቡት። የተጣላ ጎረቤት ካለ እሱንም ጥሩት፤ አብሮ ይስማ።