የሴቶች የሽንት ቧንቧ ሕመምና የዕለት ተዕለት ልማድ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ሽንት የሚያቃጥላትና ቶሎ ቶሎ የሚያመላልሳት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ አንዳንድ ጊዜ ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚደርሳት ወቀሳ ነው። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላታል፤ ባለሙያው ደግሞ ንጽሕናዋን ይጠራጠራል። በዚህም ምክንያት ሕመሙ በተመለሰ ጊዜ አፍራ ትደብቀዋለች።

የሕመሙ ዋና መንሥኤ በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የወንድ የሽንት መውጫ ቧንቧ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም የሴት ግን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ባክቴሪያው ወደ ፊኛ የሚደርሰው በአጭር መንገድ ነው። ይህም የተፈጥሮ አሠራር እንጂ የሴቲቱ ጥፋት አይደለም።

ከልማዶች መካከል በጥናት የተደገፈው ውኃ መጠጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ሕመሙ የሚመላለስባቸውና በቀን ከ1.5 ሊትር በታች ይጠጡ የነበሩ 140 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል በየቀኑ 1.5 ሊትር ውኃ እንዲጨምር ተደረገ። በ12 ወር ውስጥ ውኃ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመዋል። ከፊት ወደ ኋላ መጥረግና ከግንኙነት በኋላ መሽናት ጉዳት ስለሌላቸው ይመከራሉ፤ ይሁን እንጂ ማስረጃቸው ደካማ በመሆኑ የታመመችን ሴት መክሰሻ ሊሆኑ አይገባም።

ነገር ግን «ውኃ ይጠጡ» ብሎ ማሰናበት ምክር አይሆንም። ከንጋት እስከ ምሽት ጉልት ላይ የምትውል ሴት በአቅራቢያዋ መጸዳጃ ቤት ከሌላት፣ ውኃ የማትጠጣው ባለማወቅ ሳይሆን አስባበት ነው። ስለዚህ ከምክሩ በፊት «በሚውሉበት ቦታ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ?» ተብላ ልትጠየቅ ይገባል። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ጉዳዩ የእርሷ ብቻ ሳይሆን የገበያው አስተዳደር፣ የአሠሪውና የትምህርት ቤቱም ኃላፊነት ይሆናል።

ትኩሳት፣ የጎን ውጋት ወይም ትውከት ከታከለበት ሕመሙ ወደ ኩላሊት መዝለቁን ሊያመለክት ስለሚችል በአስቸኳይ መታከም አለበት። በነፍሰ ጡር ላይ ግን ባክቴሪያው ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል የሽንት ምርመራ አይታለፍ። የታዘዘ መድኃኒትም ሻል ሲል አይቋረጥ፤ የተረፈውም ለጎረቤት አይሰጥ።

ሳትወቀስ የተደመጠች ሴት ሕመሙ ሲመለስ ፈጥና ትመጣለች፤ ከኩላሊት ጉዳት የሚያድናትም ይኸው ነው።